አሮጌውን ሞተር የገጠሙት የጋሽ ብሎን የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ብሎን ከወፍጮ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛው ነበሩ። እናታቸው ስለ ሕፃንነታቸው ሲያወሩ፣ «ይህ ልጅ ወፍጮው ሲቆም ያለቅሳል፣ ሲነሣ ይተኛል» ይሉ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የሚንደቀደቀው የናፍጣ ሞተር እሹሩሩ ብሎ አሳደጋቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ሲማሩ በሒሳብ የሚቀድማቸው አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. ግን የወፍጮው ችንጋ የአባታቸውን ቀኝ እጅ ይዞ ሦስት ጣት ወሰደ። በማግስቱ የአሥራ አምስት ዓመቱ ተማሪ ደብተራቸውን መስኮት ላይ አኑረው ወፍጮውን አስነሡ። አምስት ዓመት የቤተሰቡን ጉሮሮ የደፈኑት እሳቸው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ደርሶ ሲተካቸው ሙያ ትምህርት ቤት ገቡና ሁለት ዓመት የመኪና ጥገና ተምረው፣ በ1963 ዓ.ም. በጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጠሩ። ብሎን መሬት ላይ ወድቆ አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ አንሥተው ኪሳቸው ይከታሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ሰው ሁሉ ረስቶ «ጋሽ ብሎን» የሚለው የጸናባቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1966 ዓ.ም. በዚያው ጽሕፈት ቤት ሥር ትሠራ የነበረችውን አዋላጅ ነርስ አገቡ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የትውውቃቸውን ነገር ሲያነሡ፣ «የክትባት ማቀዝቀዣዬ ሳይበላሽ ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠገነልኝ፤ በአራተኛው እኔው ራሴ አበላሸሁለት» ይሉ ነበር። የባላቸውን ልብስ ባጠቡ ቁጥርም፣ «ዛሬ ከአንድ ሱሪ ግማሽ መኪና አወጣሁ» እያሉ ያማርሩ ነበር። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል።

ጽሕፈት ቤቱ በአራቱም ጎማዎቿ የምትጎትት አንዲት ባለ ቤንዚን መኪና ነበረችው። ኮረብታው ላይ ተበታትነው ያሉትን አምስት ጤና ጣቢያዎች ከሆስፒታሉ ጋር የምታገናኝ እሷ ብቻ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የሞተሯ አካል ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ተጠየቀ፤ አልመጣም። አሥራ አራት ወር ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮ ፈለፈለባት። በእነዚያ ወራት በሽተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነበር፤ ከደረሱት ይልቅ ያልደረሱት በዙ። አዋላጇ ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚቀሩባቸው ቀኖች እየበረከቱ ሄዱ። ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ቀና ብለው ባላቸውን፣ «አንተ መካኒክ አይደለህም እንዴ?» አሏቸው። 

ከመንገድ ሥራ መጋዘኑ ጀርባ፣ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ባለ አራት ፒስተን የናፍጣ ሞተር ተጥሎ እንደነበር ጋሽ ብሎን ያውቁ ነበር። ሞተሩ በዕድሜ መኪናይቱን በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል፤ ሰው ቢሆን ኖሮ ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጅ የሚያጫውት ነው። በዚያን ጊዜ ለነበሩት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሐሳባቸውን ሲያቀርቡ፣ «ካስነሣሃት እሰየው፤ ካላስነሣሃትም አሁን ከቆመችው የባሰ አትቆምም» ብለው ፈቀዱላቸው። ፈቃዱ የቃል ነበር። ወረቀት አልተጻፈበትም። ጋሽ ብሎንም ወረቀት መጠየቅ አልታሰባቸውም፤ ሰው ካለ አለ ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ይህ እምነታቸው ኋላ ምን እንዳስከፈላቸው ከታች ይነገራል።

ሥራው አምስት ወር ፈጀ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትተው አጠቡት፣ የፒስተኖቹን ፋሻ ለወጡ። መኪናይቱ ላይ ያለችው ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗ፣ ለሌላ ሞተር የተሠራች ስለሆነች ሁለቱን የሚያጋጥም ብረት ያስፈልግ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን በካርቶን ለክተው ሁለት ጣት የሚወፍር ብረት፣ ብረት ከሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አስቆረጡ። የመጀመሪያው ብረት ፀጉር በምታህል ስቶ ካምቢዮዋ አቃሰተች። የቶርኖ ሠራተኛው፣ «ይሄ ምን አላት፣ እየሄደች ትለምደዋለች» ቢላቸው፣ «ሚስቴ ናት የምትሳፈርባት» ብለው ብረቱን ጥለው ሌላ አስቆረጡ። የናፍጣው ሞተር ከቀድሞው ስለሚከብድ ክብደት የሚሸከመውን የፊቱን ባሌስትራ አጠነከሩ። መንቀጥቀጡን ደግሞ ከአሮጌ ጎማ በቆረጡት ላስቲክ አበረዱት። ሙሉ በሙሉ ግን አልበረደም። አዋላጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፍረው ሲመለሱ፣ «ከእንግዲህ ምጥ ማፋጠኛ መርፌ አያስፈልገኝም፤ መኪናህ ትበቃኛለች» አሏቸው።

ፍጥነት የሚባል ነገር አልነበራትም። ዳገት ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከጎኗ ሆኖ ሰላምታ ሰጥቶ ጨዋታ ይጀምር ነበር። ሾፌሮቹ «ባልቴት» የሚል ስም አወጡላት። ባልቴት ግን ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት በጭቃ፣ በአሸዋና በወንዝ ውስጥ ተመላለሰች። ጋሽ ብሎን መንገድ ላይ የቆመችበትን ቀንና ምክንያቱን በትምህርት ቤት ደብተር ይመዘግቡ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ችንጋ ተበጠሰ። አንድ ጊዜ ድንጋይ ራዲያተሩን ቀደደው። አንድ ጊዜ ደግሞ ለሥራው አዲስ የነበረ ሾፌር በናፍጣ ፈንታ ቤንዚን ሞላባት። በእነዚህ ዓመታት በባልቴት ወርደው ሆስፒታል የደረሱትን የቆጠረ የለም። ዛሬ ይህን ከሚያደምጡት መካከል በባልቴት ጀርባ ላይ የተወለዱ እንዳሉ ግን ቤተሰቡ ያውቃል።

በ1980 ዓ.ም. ለጽሕፈት ቤቱ አዲስ ኃላፊ ተሾሙ። በሁለተኛው ዓመት ከከተማው ዳር ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ጡብና አሸዋ የሚያመላልስ የጭነት መኪናም ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ለባልቴት ይሞላል የተባለው ናፍጣ ከተጻፈለት ቀን ቀድሞ ያልቅ ጀመር። ጋሽ ብሎን ይህን አይተው ለኃላፊው በአካል ነገሩ። «አሮጌ ሞተር ይጠጣል» ተባሉ። «አይጠጣም፣ ልኩን አውቀዋለሁ» አሉ። ነገሩ በዚሁ ታለፈ።

ጥር 14 ቀን 1983 ዓ.ም. ከኮረብታው ጫፍ ካለው ጤና ጣቢያ ምጥ የጠናባት እናት ልትወርድ ሆነ። የአንድ አናጢ ባለቤት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ሾፌሩ መሪ ጨበጡ፣ አዋላጇ ከኋላ ከወላዷ ጋር ተቀመጡ፣ አናጢው ከጎን ተሳፈረ። ከሆስፒታሉ ሃያ ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ባልቴት ሁለት ጊዜ አስላ ቆመች። ሾፌሩ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። አናጢው፣ «ምን ሆነች?» እያለ ይዞራቸዋል። «ሞተሩ ነው፣ አሮጌ ሞተር ነው» ነበር መልሳቸው። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ሄደ። እናቲቱ እህል በጫነ መኪና ላይ፣ በአዋላጇ ክንድ ላይ እንዳለች አረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም። አዋላጇ ቤት ሲገቡ ልብሳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በደም ደርቆ ነበር። ለባላቸው የተናገሩት፣ «ሞተርህ አይደለም፤ ታነቀ እንጂ አልተሰበረም» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ብሎን አንድ ጀሪካን ናፍጣ ይዘው ባልቴት ወደ ቆመችበት ሄዱ። ታንከሩን በቁልፍ መቱት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ከሁለት ቀን በፊት ሙሉ ተሞልቷል ተብሎ በመዝገብ የተፈረመለት ታንከር ጠብታ አልነበረበትም። ናፍጣ ሞተር አንዴ ነዳጅ ካለቀበት አየር ስለሚገባው እንደገና ሞልተው ቁልፍ ቢያዞሩት አይነሣም፤ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ሞሉ፣ ማስተንፈሻውን ብሎን አላልተው አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ገፉ፣ አጠበቁ፣ አስነሡ። በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ራሳቸው እየነዱ ግቢ አገቧት። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ኃላፊ ባልቴት በሞተሯ ስትገባ ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደመሰለ ጋሽ ብሎን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሽ ብሎን ያዩትን ተናገሩ፣ ደብተራቸውንም አቀረቡ። ደብተሩ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰ። ሞተሩን ለመግጠም የተሰጣቸውን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። የፈቀዱት ኃላፊ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቀጥሎ አዋላጇ ተጠሩ።

«ሞተሩ ሲቆም ምን ሰሙ?» አሏቸው።

«ሁለት ጊዜ አሳለው፣ ትንሽ ተነሣ፣ ጠፋ። እንደዚያ የሚሆነው ነዳጅ ያጣ ሞተር ነው።»

«እርስዎ አዋላጅ ነዎት ወይስ መካኒክ?»

«አሥራ አንድ ዓመት በዚያች መኪና የሄድኩ ሰው ነኝ። ሴትዮዋ የሞተችውም እኔ ክንድ ላይ ነው። ለማን ብዬ እዋሻለሁ?»

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው፣ «ምስክሯ ለባለቤታቸው ሊያደሉ ስለሚችሉ ቃላቸው አልተያዘም» የሚል ነው። ሾፌሩ ሞተሩ ተሰብሮ ቆመ ብለው ፈረሙ። ሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ጋሽ ብሎን፣ «ያለ ፈቃድ አስተማማኝ ያልሆነ አሮጌ ሞተር በመግጠም ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ስለሆኑ» ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። አዋላጇም በሁለት ወሩ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። አራት ዓመት ቆዩ። ጋሽ ብሎን ሦስቱን ልጆች ይዘው ቀሩ። የሞተር ዘይት ልክ እንጂ የምግብ ዘይት ልክ አያውቁም ነበርና ልጆቹ አራት ዓመት ያረረና ጥሬ ሲያፈራርቁ አደጉ።

በትምህርት ቤት የአሥራ አራት ዓመቱን ወንድ ልጃቸውን «የገዳዩ ልጅ» ይሉት ጀመር። አንድ ቀን ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣና፣ «አባዬ፣ እውነት ሞተሩ ነው?» አላቸው። ጋሽ ብሎን የያዙትን ቁልፍ አስቀመጡ። «አንተም?» አሉ። ከዚህ ሌላ አልመለሱለትም። ልጃቸውም ሁለተኛ አልጠየቃቸውም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ሩቅ አገር በመርከብ ሞተር ክፍል ሥራ ያዘ። ጋሽ ብሎን ያን ቀን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገር ባስረዳው ኖሮ ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጸጽተውበታል። ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ ስድብ መስሏቸው ነበር።

ባልቴት በጨረታ ተሸጠች። የገዟት ድንጋይ ነጋዴ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ብሎን በር ላይ አቆሟትና፣ «ሞተሯን የሚያውቀው እሱ ነው አሉኝ» አሉ። ጋሽ ብሎን ወጥተው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አዳመጡ። ከዚያም ዘይቷን ለወጡ። ነጋዴው ጥያቄ ያላበዙ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አስተማማኝ ያልሆነው» ሞተር አሥራ ሰባት ዓመት ከድንጋይ ማውጫው ድንጋይ ሲያወርድ ኖረ፤ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያልፍ ነበር። ጋሽ ብሎን ግቢያቸው ውስጥ በከፈቷት ጋራዥ ሰው ሁሉ መኪናውን ያመጣ ነበር፤ የመንግሥት መኪና ግን አንድም ቀን አልገባም።

በ2000 ዓ.ም. ነጋዴው ሞተሩ ኃይል አነሰው ብለው አመጡ። ጋሽ ብሎን ፈትተው ለኩት፣ እንደገናም ለኩት። ነጋዴው፣ «እንዳለፈው ጊዜ ፋሻ ለውጠህ መልስልኝ» ቢሏቸው፣ «አትልፋ። አሁን አልቋል። ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ ጥሎህ ይቀራል» አሉ። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራላቸውን ሞተር በገዛ አፋቸው ሞቷል ያሉት እሳቸው ናቸው። ጥፋቱ የሞተሩ ቢሆን ኖሮ በ1983ም በዚያው አፋቸው ይሉት እንደነበር ቤተሰቡ የሚያውቀው ከዚህ ነው።

ባለቤታቸው አዋላጇ በ2001 ዓ.ም. በስኳር ሕመም ዐረፉ። በሥራ ዘመናቸው ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃናት ተቀብለዋል። «አልተያዘም» የተባለው ቃላቸው ግን በ2001 ዓ.ም.ም እንዳልተያዘ ነበር።

የቀድሞው ሾፌር ምርኩዝ ይዘው ወደ ጋሽ ብሎን ግቢ የመጡት ባለቤታቸው በሞቱ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቁጭ በል ቢባሉም አልተቀመጡም።

«ጋሼ፣ ታንከሩ እንደጎደለ አውቅ ነበር። ናፍጣውን ቀድቼ ለኃላፊው መኪና የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያደርሰናል ብዬ ነው የተነሣሁት።»

«እኔም አውቅ ነበር።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ ሚስቴ ትሰማህ ነበር» አሉ ጋሽ ብሎን። ቀጥለውም፣ «እኔን ተወኝ፤ ና፣ አናጢው ጋ እንሂድ» ብለው ክንዳቸውን ያዟቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ገበያውን አቋርጠው ተደጋግፈው ሄዱ።

አናጢው ሁለተኛ አላገባም ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ጋሽ ብሎንን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። ሾፌሩ የሆነውን ሁሉ እስኪጨርሱ ድረስ መላጊያውን በእጁ እንደያዘ ሰማ።  ከዚያም ወደ ጋሽ ብሎን ዞሮ፣ «አንተ ይህን እያወቅህ ነው ሃያ አንድ ዓመት በደጄ ያለፍከው?» አለ።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። «አላምንህም ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ያመኑትን በጽሑፍ አድርገው ሲፈርሙ ጋሽ ብሎን ወረቀቱን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ፤ ነገር ሁሉ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ተምረዋልና። በመጀመሪያ ፋይሉ አልተገኘም ተባሉ። ሲመላለሱ ፋይሉ ተገኘ፤ ጉዳዩ ግን በይርጋ ታግዷል ተባሉ። የጠየቁት ሥራቸውን ወይም ካሣ አልነበረም። የጠየቁት «ቃላቸው አልተያዘም» የሚለው መስመር እንዲሰረዝ ነው። አልተሰረዘም። ዛሬም እንዳለ አለ።

ባሕር ላይ ላለው ልጃቸው ስልክ ደውለው፣ «ሞተሩ አልነበረም» አሉት። «አውቃለሁ አባዬ» አላቸው። መቼ እንዳወቀ ሲጠይቁት፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ያለቀበት ሞተር ሲያስል የሰማሁ ቀን፤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት» አለ። አሥራ አምስት ዓመት ልጁ አውቆ ሳይናገር፣ አባት ልጄ አያምነኝም ብለው ኖረው ነበር። 

በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸው መታመም ጀመረ። ሐኪሞቹ የጢስና የፍሬን አቧራ ነው አሉ። ሁለት ዓመት ከአልጋና ከኦክሲጅን ጋር ቆይተው፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በስድስት ሰዓት በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ሦስቱም ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ። ሦስት ልጆች፣ ስድስት የልጅ ልጆች፣ ወፍጮውን የተረከቧቸው ታናሽ ወንድማቸውና ሁለት እኅቶቻቸው በሐዘን ቆመዋል። ይህን ታሪክ ያጠናቀረችው ታናሽ ልጃቸው ናት።

ጽሕፈት ቤቱ ትናንት የሐዘን መግለጫ ልኳል። «ለረጅም ዓመታት በታማኝነት ያገለገሉ ባለሙያ» ይላል። ማኅተም አለው። ቤተሰቡ ተቀብሎታል፤ እንዳይነበብ ግን ወስኗል።

በ1983 ዓ.ም. የነበሩት ኃላፊ በሕይወት አሉ። ጋሽ ብሎን በመጨረሻው ሳምንት ልጆቻቸው ምሬታቸውን ሲያነሡ ሰምተው ስለእሳቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ቀብሬ ላይ ከመጣ ወንበር ስጡት፤ ጉልበቱ ደካማ ነው አሉ።»

ቤተሰቡ ቃላቸውን አክብሮ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር አስቀምጧል። የሚቀመጥበት ከመጣ ይቀመጥ።

የሰውን ቃል የማይጥል አምላክ የጋሽ ብሎንንና የባለቤታቸውን ነፍስ ይቀበል፤ ወንበሩን ያዘዙትን ሰው ትዕግሥት ወንበሩን ላስቀመጡትም ያድል።